ክብደት ከጨመርኩ ወዲህ፦ ከታክሲ ወንበር እስከ ጌም ወንበር

የሌሊት ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ጽፌ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁትን ነገር ዛሬ ሳላጠፋው ልልከው ወስኛለሁ። ዕድሜዬ 33 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከአራት ዓመት በፊት 79 ኪሎ ነበርኩ፤ አሁን 118 ኪሎ ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው። ክብደቱ መምጣት የጀመረው ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች በኢንተርኔት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ሥራው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ የሚያውል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ጌም እጫወታለሁ፤ እንቅልፉ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወፎች መንጫጫት ሲጀምሩ ነው። በመሀሉ የሚበላው ከቀን የተረፈ ፍርፍር፣ ዳቦ በሻይና ለስላሳ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ምክንያቱ እንዳልጠፋኝ እንድታውቁልኝ ነው። የጻፍኩት የምግብ ዝርዝር ለመጠየቅ ሳይሆን፣ ይህን ሰውነት ይዞ ዛሬን እንዴት መዋል እንደሚቻል ለመጠየቅ ነው።

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሦስት ሰው በሚያስቀምጠው ወንበር ላይ ቀድሜ ስገባ፣ የመጨረሻው ተሳፋሪ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ይላል፤ የምጠጋበት ቦታ እንደሌለ ግን እሱም ያየዋል። አሁን አሁን ገና ሳልገባ የሁለት ሰው እንደምከፍል አስቀድሜ እነግረዋለሁ። የሚከብደኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ስለ ሰውነቴ ለማላውቀው ሰው ማስረዳት የሚጠበቅብኝ መሆኑ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ደግሞ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ የተቀመጠ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ዘንድ ቆምኩ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። መርፌው ሄዶ ሄዶ መጨረሻው አጠገብ ቆመ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበና ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተራ እየጠበቁ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይቺ ሚዛን አንዳንዴ ትጨምራለች» አለኝ። ቁጥሩን አልጠራውም። ገንዘቡን ሰጥቼው ስሄድ ተራ ጠባቂውን ሲቀበል ሰማሁት፤ ለዚያኛው ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነገረው። ባለፉት አራት ዓመታት ስለ ሰውነቴ ከተነገረኝ ነገር ሁሉ የዚያን ልጅ ንግግር ያህል ጨዋነት ያለበት አላስታውስም።

ወደ ጌሙ ልምጣ። ከአምስት ሰዎች ጋር በአንድ ቡድን ኦንላይን መጫወት ከጀመርን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖናል። ድምፄን ያውቁታል፤ ስናደድ ዝም እንደምል፣ ስናሸንፍ ጠረጴዛ እንደምመታ ያውቃሉ። ሰውነቴን ግን አይተውት አያውቁም፤ እኔም በቀን ውስጥ ስለ እሱ የማላስብባቸው ብቸኛ ሰዓታት እነዚያ ናቸው። አሁን ቡድኑ በአካል ተገናኝቶ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ የእግር ኳስ ጌም ውድድር ለማድረግ ተስማምቷል። እኔ እስካሁን ሦስት ጊዜ ሰበብ ፈጥሬ ቀጠሮ አስቀይሬያለሁ። አንዴ አክስቴ ታመመች አልኳቸው፤ አክስቴ ደኅና ናት። ካለመሄዴ ይልቅ መዋሸቴ አሳፍሮኛል። በእኔ ቦታ የነበራችሁ ወይም ያላችሁ ሰዎች ምን አደረጋችሁ?

ነጭ ጋዋን

ወንድሜ፣ መልእክትዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነርስ ነኝ፤ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የምግብ ዝርዝር አልሰጥዎትም፤ ይሁን እንጂ ማንም ያልነገርዎት የሚመስለኝ ጥቂት ነገር አለ።

የሰጡን ክብደት በኪሎ፣ ለቁመትዎ በሜትር ስኩዌር ሲካፈል ውጤቱ ወደ 39 ይመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ከ25 ጀምሮ ያለው ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ያለው ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ስሌቱን በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጣው ቤልጅየማዊው የስታትስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። እሱ ሐኪም አልነበረም፤ ሲያጠና የነበረውም የብዙ ሰዎችን አማካይ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ለመነሻ ያህል ይያዙት፣ ከዚያ በላይ አያክብሩት። ለልብና ለስኳር ይበልጥ የሚያሳስበው በሆድ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ስለሆነ የወገብዎን ልክ ይለኩ፤ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳርና የግፊት ምርመራ ቢዘገይ ጥሩ አይደለም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ልብ ይበሉ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ለክንድዎ ከጠበበ ግፊትዎን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጠባቡን ጨርቅ በግድ አጥብቀው ለክተው መድኃኒት ሲጀመርለት ያየሁት ሰው አለ። ሰፋ ያለው ጨርቅ ይምጣልኝ ብለው ይጠይቁ፤ ይህን ለመጠየቅ ማፈር አይገባዎትም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን እንቅልፍዎ ነው። እንቅልፍ ሲያንስ ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳቦውን የሚያስነሣዎት የባሕርይ ድክመት ብቻ አይደለም። በኃይል የሚያንኮራፉ ከሆነ፣ ተኝተው ሳለ ትንፋሽዎ ቆም እያለ እንደሚመለስ የነገረዎት ሰው ካለ፣ ጠዋት ራስዎን እያመመዎት የሚነሡና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር ቧንቧው የሚዘጋበት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም በዚሁ ቃል ይንገሩት። ይህ ሕመም ድካሙን፣ ድካሙ መቀመጡን፣ መቀመጡ ክብደቱን እያመጣ ሰውን ለዓመታት ሲያዞር አይቻለሁ።

ስለ መድኃኒትም ላንሣ። ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንሱሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ኦላንዛፒን፣ ለአንዳንድ ሴቶች ደግሞ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። ደግሞም ሰው ሲከሳ ሰውነቱ ኃይል መቆጠብ ይጀምራል፣ ረኃቡንም ያበረታበታል፤ ከስተው መልሰው የወፈሩትን ሁሉ ሰነፍ ናቸው የሚል ሰው ይህን ስለማያውቅ ነው። በእርስዎ ክብደት ስድስት ኪሎ ያህል መቀነስ እንኳ በስኳርና በግፊት ላይ የሚታይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ወደ 79 ካልተመለስኩ ምንም አላደረግኩም ብለው እንዳያስቡ አደራ እላለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ስለዚያ ልጅ የጻፍከውን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ክብደቴ 104 ኪሎ ደርሶ እዚያው ቆመ፤ ልጄ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። ከእናቴ ጋር በቪዲዮ በተነጋገርን ቁጥር ስልኩን ከፍ አድርጌ ፊቴ ብቻ እንዲታይ እይዘዋለሁ፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ «እስቲ ራቅ አድርጊው፣ ልይሽ» ትለኛለች።

አንድ ፋሲካ ላይ ወደ አዲስ አበባ ስበር የወንበሩ ቀበቶ አልደርስ አለኝ። ለመጠየቅ ስላፈርኩ ብርድ ልብሱን ደርቤ የታሠረ አስመሰልኩት፤ ከ12 ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራ ላይ አስተናጋጅ ባለፈች ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር፤ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ አልተነሣሁም። ለረጅም ሰዓት ተጣብቦ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ለካ በኀፍረት ምክንያት ሰውነቴን አደጋ ላይ ጥዬው ነበር። ስመለስ አውሮፕላኑ በር ላይ ለምትቀበለን አስተናጋጅ «የቀበቶ መቀጠያ ትሰጪኛለሽ?» አልኳት። አጣጥፋ በእጄ አስያዘችኝና ቀጣዩን ተሳፋሪ ተቀበለች። ያን ያህል ነበር የፈራሁት ነገር።

ሽሮ ሜዳ ለእህቴ ሠርግ የሀበሻ ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ ደግሞ ሰፊው ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞረና «ወገብ አንድ መቶ ስምንት!» ብሎ ለሚጽፍለት ልጅ ሲጮህ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ቀሚሱ ሲደርስ ግን ከዚያ በፊት ያን ያህል ልኬን ያወቀ ልብስ ለብሼ እንደማላውቅ ተረዳሁ፤ ጡቴ ላይ አልተወጠረም፣ ብብቴን አልያዘኝም፣ ቁጭ ስል አልጨነቀኝም። ለስድስት ዓመት ስከሳ እለብሳቸዋለሁ ብዬ በሻንጣ ያስቀመጥኳቸውን ሱሪዎች ተመልሼ ሁሉንም ሰጠሁ። ልክህ የሆነ ልብስ አሁኑኑ አሰፋ፣ ወንድሜ። በጠበበ ልብስ ውስጥ የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለ ልብሱ ነው።

ስለ ጌም ከጠየቅክ፣ እኔ ለብዙ ዓመት የምጫወተው ሲምስ የተባለውን፣ ሰው ፈጥረው ኑሮውን የሚመሩበትን ጌም ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው ክፍል የገጸ ባሕርይዋን ሆድ፣ ዳሌና ክንድ በመዳፊት እየጎተቱ ማስፋትና ማጥበብ ያስችላል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምሠራት የሃያ ሁለት ዓመቷን ራሴን ነበር። አንድ ቀን ልጄ አጠገቤ ቆሞ «እማዬ፣ ይቺ ማን ናት?» አለኝ። እኔ ነኝ ስለው ትንሽ አየና «አንቺን አትመስልም» አለ። ምንም ክፋት አልነበረበትም። የዚያን ምሽት እሱ አጠገቤ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ጨምሪ፣ ፀጉሯ እንደዚህ ይሁን» እያለ እኔን የምትመስለውን ሠራን። መጀመሪያ ላይ እሷን ማየት ከበደኝ። አሁን ቤት አላት፣ አትክልት ትተክላለች፣ ትጨፍራለች፤ ዐይኔ እየለመዳት ሲሄድ መስታወት ፊት የማሳልፈው ጊዜም ቀለል እያለኝ ሄደ።

አካል የሚያንቀሳቅስ ጌምም ሞክሬአለሁ። የጌሙን መቆጣጠሪያ ጭን ላይ የሚይዘው ማሰሪያ አልደርስ ስላለኝ ሰፊ ላስቲክ ገዝቼ በእጄ ሰፍቼ አስረዘምኩት። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሃያ ሃያ ደቂቃ እጫወታለሁ። ማንም አያየኝም፣ ማንም «በርቺ፣ ትከሻለሽ» አይለኝም፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ግልጽ ሰው

ምናልባት የሚከተለው ደስ ላያሰኛችሁ ይችላል፤ ነገር ግን የምጽፈው ከልቤ ነው። አባቴ በስኳር ምክንያት እግሩ ተቆርጦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐርፏል። ቤተሰቡ በሙሉ እንዳይከፋው እያልን «ተመችቶሃል» ስንለው ነበር። ከመካከላችን አንድ ሰው ደፍሮ ቢነግረው ኖሮ ምናልባት ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር እያልኩ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ልብስ አሰፋ፣ ራስህን ውደድ የሚለው ምክር መልካም ቢሆንም፣ ጌሙን አቁም፣ ሌሊት መብላቱን አቁም ብሎ የሚነግርህ ሰውም ያስፈልግሃል። ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ መዋል ሱስ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅትም እንደ ሕመም ተመዝግቧል። ሕዝቡ በጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ይሮጣል፤ አንተም ውጣ።

ነጭ ጋዋን

ግልጽ ሰው፣ ለአባትዎ ነፍስ ይማር። ቁጭትዎ ይገባኛል፤ በሥራዬ ተመሳሳይ ቁጭት ያለባቸው ብዙ ልጆችን አግኝቻለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ ሕመም መግባቱ እውነት ነው፤ መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ጌሙን ሲያስቀድምና ጉዳት እያየም ሲቀጥል፣ ይህም በአብዛኛው ለዐሥራ ሁለት ወር ያህል ሲዘልቅ ነው የሚባለው። ጠያቂያችን ሥራውን ይሠራል፣ ጓደኞቹንም ያገኘው በዚያው ነው። እነዚያን ሰዎች አሳጥተን ብቻውን ብናስቀምጠው ዳቦው የሚቀንስ አይመስለኝም።

ስለ መሮጡም፣ ጉልበቱ 118 ኪሎ የሚሸከምን ሰው መጀመሪያ ደረጃ ላይ አላስሮጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚያ መድረስ ለማይችል ሰውም ጥቂቱ ከምንም እንደሚሻል በዚያው መመሪያ ተጽፏል። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል።

መምህር በጡረታ

እኔ በዕድሜ ከሁላችሁ ሳልበልጥ አልቀርም፤ ስለዚህ ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ የሠራውን ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። የእኔ ትውልድ እናቶች «ወፈርክ» ሲሉ ምስጋና እያቀረቡ ነበር። ረኃብን በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ ኋላም በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ አንድ ሰው ከሳ ከተባለ ወሬው ከዕድሩ ድንኳን እስከ ጠላ ቤት ይደርስ ነበር። መክሳት ማለት ሞት ነበር። እንግዲህ እናት በስልክ «ራቅ አድርጊው፣ ልይሽ» ስትል ምን እየፈለገች እንደሆነ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈችው ልጄ ታስብበት ዘንድ እለምናታለሁ፤ ልጇ በባዕድ አገር እየበላች መሆኑን ልታይ ነው።

በሌላ በኩል «ሆዳም» የሚለውን ቃላችንን ተመልከቱት። ብዙ የሚበላን ሰው ይሰድባል፤ በዚያው ቃል ደግሞ ለጥቅም ሲል ወገኑን የሸጠውን ሰው እንሰድብበታለን። ቦርጭ ያለውን ሰው ስናይ የሰው ገንዘብ የበላ የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። ወፍራም ሰው ታክሲ በር ላይ ሲቆም ይህ ሁሉ ፍርድ አብሮት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ሰውየው ግን ወደ ሥራው ለመሄድ ወንበር የሚፈልግ ተሳፋሪ ነው።

ለግልጽ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ለአባትህ ያልተነገረው ወፍራም መሆኑ አይመስለኝም፤ እሱንማ ሱሪውን ሲታጠቅ በየቀኑ ያውቀዋል። ያልተነገረው «ነገ ጠዋት አብሬህ ሄጄ ስኳርህን እናስለካ» የሚለው ነው። ይህን በወቀሳ አትስማብኝ፤ እኔም ለወንድሜ አላልኩትም።

ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት

ሐዋሳ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፤ ስድስት ስክሪን ነው ያለኝ። ጉዳዩ በሱቄ ውስጥ በየቀኑ የማየው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሞላ ያለ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት በኋላ ይመጣ ነበር። ሌሎቹ ልጆች በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የተባለ ጌም ይጫወቱ ነበር። በዚያ ጌም ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጄ በርገር በበላ ቁጥር ይወፍራል፤ ሲወፍር ሩጫው ይቀንሳል፣ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎችም ይሰድቡታል፤ እንዲከሳ ጂም ወስዶ ማሠራት ወይም ማስሮጥ ይቻላል። ልጆቹ ሆን ብለው እያበሉት እያወፈሩት ይስቁ ነበር፤ ከዚያ ያንን ልጅ ሲጄ ማለት ጀመሩ። ለሁለት ሳምንት ያህል እየሳቀ ቻለው። በሦስተኛው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። እኔ ቆጣሪው ጋ ተቀምጬ የሰዓት ሒሳብ እየያዝኩ ሁሉንም ሰምቼ ነበር። ይህን በልቤ ይዤ እኖራለሁ።

ጌም ሠሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል። ኒንቴንዶ ዊ ፊት የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ ተጫዋቹ ሚዛን መሰል ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ጌሙ ይመዝነውና ክብደቱ ከበዛ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስሉን ያወፍረው ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅን ወፍራም ነሽ ካላት በኋላ ቤተሰቧ አቤት ብሎ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቋል። ለልጆች በማይስማማ ስሌት ነበር የፈረደባት፤ ሲስተር ከላይ ስለ ኬትሌ የጻፉትን ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። በአንጻሩ ቴከን 6 በተባለው የድብድብ ጌም ውስጥ ቦብ የሚባል ወፍራም ተዋጊ አለ፤ እንደ ታሪኩ ከሆነ ግዙፎቹን ለማሸነፍ ሲል ፍጥነቱን ሳያጣ ሆን ብሎ ክብደት የጨመረ ሰው ነው። በእኔ ቤት ቦብን መርጦ የሚጫወት ልጅ ሲመጣ ሌላው ይጠነቀቃል።

እግር ኳሱ ላይ ደግሞ አኪንፌንዋን የማያውቅ የፊፋ ተጫዋች አለ? እንግሊዛዊው አዴባዮ አኪንፌንዋ ከመቶ ኪሎ በላይ ነበር፤ ለእግር ኳስ በጣም ትልቅ ነህ ሲባል ነው ያደገው። በፊፋ ጌም ውስጥ ለበርካታ ዓመታት በጉልበት ከዓለም ተጫዋቾች ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ይይዝ ነበር፤ የታችኛው ሊግ ተጫዋች ሆኖ ሳለ የእኔ ደንበኞች ስሙን ከብዙ የፕሪሚየር ሊግ አጥቂዎች ይልቅ ያውቁታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ለዊምብልደን በዌምብሌይ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ሲያድግ ቤቴ ውስጥ ጭብጨባ ነበር።

አሁን ተግባራዊውን ልንገርህ፣ ወንድሜ። የጌም ወንበር ከመግዛትህ በፊት የሚሸከመው ኪሎ ስንት እንደሆነ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ላይ ተጽፏል፤ ርካሾቹ አንተን አይችሉም። የእጅ መደገፊያ የሌለው ወይም የሚነሣ ከሆነ ዳሌህን አይቆርጥህም። ፕላስቲክ ወንበር ብቻ ካለ ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባቸው፤ ለቅሶ ቤት ለትልልቅ ሰዎች እንደሚደረገው ማለት ነው። እኔ ከዚያ ልጅ ወዲህ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ሰፊ የእንጨት አግዳሚ አሠርቻለሁ። ሲሠራ ለማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ሁሉም እሱ ላይ ለመቀመጥ ይሻማል።

የሌሊት ተረኛ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ወር ሙሉ ሳልመልስ የቆየሁት አንዳንዱን ሞክሬው ልጻፍ ብዬ ነው።

ሲስተር፣ እንዳሉኝ የወገቤን ልክ ለካሁ፤ 121 ሴንቲ ሜትር ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሰፋ ያለው የክንድ ጨርቅ እንዲመጣልኝ ጠየቅኩ፤ ከሌላ ክፍል ተፈልጎ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ግፊቴ በጥቂቱ ከፍ ብሏል፤ ስኳሬ ደኅና ነው። ስለ ማንኮራፋቴ ለሐኪሙ እርስዎ በጻፉት ቃል ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ በትኩረት አዳመጠኝ፤ ወደ ሌላ ሆስፒታልም ለምርመራ ጽፎልኛል። ሥራው ሲያልቅ ጌም የምጫወተውን አንድ ሰዓት ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ቡድኑ ደግሞ ስነግራቸው ቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ለማድረግ ተስማሙ። ዳቦውን ገና አልተውኩትም።

ግልጽ ሰው፣ አልከፋኝም። ስለ አባትህ የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ ነው ለእናቴ ደውዬ ስኳሯን ተለክታ እንደምታውቅ የጠየቅኳት። አታውቅም። ሰኞ አብረን ሄድን።

ለጓደኞቼም ጻፍኩላቸው። የአክስቴን ነገር እንደዋሸሁ ነገርኳቸው፤ ወፍራም እንደሆንኩና መደገፊያ ያለው ወንበር እንደማይበቃኝም ጻፍኩ። ለመላክ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከአምስቱ ሦስቱ «እሺ፣ ስንት ሰዓት?» ብቻ ነው ያሉኝ። አንዱ ስልክ ደውሎ የመንተባተብ ችግር እንዳለበትና ማይክ ላይ አጭር አጭር የሚናገረው ለዚያ እንደሆነ ነገረኝ። ሁለት ዓመት ተኩል አብረን ስንጫወት ዝምተኛ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ቅዳሜ ዕለት በር ላይ ስደርስ ከውጭ ድምፃቸውን ለየሁት፤ ፊታቸውን ግን አላውቀውም ነበር። ስገባ ሁሉም ቀና አሉ። ያን ጊዜ ያዩኝን አያየት አልረሳውም፤ አይተውኝ ነበር፣ አላዩኝም ብዬ ልዋሽላቸው አልችልም። ከዚያ ከመካከላቸው ታናሹ ተነሥቶ ምንም ሳይናገር ሁለት ፕላስቲክ ወንበር ደርቦ ስክሪኑ ፊት አኖረልኝና ጆይስቲኩን አቀበለኝ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ 3 ለ 1 ተሸንፌ ወጣሁ። እስከ ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ተቀምጬ የሌሎቹን አየሁ። ስንመለስ አብረን ወደ ታክሲው ስንሄድ የሁለት ሰው ለመክፈል እጄን ኪሴ ስከት ያ የደወለልኝ ልጅ ቀድሞኝ ከኋላ ወንበር ጥግ ተጣብቆ ተቀመጠና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ ነካ ነካ አደረገው።

የእንቅልፍ ምርመራዬ ሐሙስ ነው። ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።